ከዲሲ ወጣ ብሎ በድንኳን ማደር፦ ለቤተሰብ የትኛው ፓርክ ይሻላል?

ሰመር ሊገባ ሲል ጥያቄው ይጀምራል። ልጆች ከክፍል ጓደኞቻቸው ሰምተው ይመጣሉ። «እነሱ ካምፒንግ ሄዱ፣ እኛስ መቼ ነው?» ወላጅ ስልኩን ያወጣል፣ ፎቶ ያያል። ፏፏቴው ወይም ባሕር ዳር የቆመው ፈረስ ልቡን ይሰርቀዋል። ወዲያው ቦታ ይይዛል።

እኔ በዚህ አመራረጥ አልስማማም። ፎቶው የተነሳው ቀን ነው። ቤተሰብ የሚፈተነው ግን ሌሊት ነው። የአራት ዓመት ልጅ እኩለ ሌሊት ላይ «ሽንቴ መጣ» ሲል ሽንት ቤቱ ምን ያህል ይርቃል? ዶፍ ቢወርድ ቤት ለመድረስ ስንት ሰዓት ይነዳል? ከአገር ቤት የመጡ አያት አብረው ካሉ፣ ጎንበስ ብለው ድንኳን መግባት፣ ጠዋት ደግሞ ከመሬት መነሳት ይችላሉ? ቀኑማ የትም ያምራል። ፓርኩን በሌሊቱ ምረጡት።

ከዚህ በታች በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምንኖር ሰዎች በመኪና የሚደረስባቸውን ቦታዎች በዚህ ዓይን አወዳድራለሁ። ሁሉንም እኩል አልወዳቸውም፤ ስለዚህ እኩል ቦታም አልሰጣቸውም።

ለመሞከር ያህል፦ በርክ ሌክ እና ግሪንቤልት

ልጆቻችሁ ድንኳን ውስጥ አድረው የማያውቁ ከሆነ ሩቅ አትሂዱ። አሌክሳንድሪያ፣ ስፕሪንግፊልድ ወይም አናንዴል የምትኖሩ በርክ ሌክ ፓርክን ተመልከቱ። የፌርፋክስ ካውንቲ ፓርክ ነው። ሐይቁ 218 ኤከር ነው። ዓሣ ይጠመድበታል፣ ዙሪያውን በእግር ይኬዳል፣ ለትንንሽ ልጆች ደግሞ ትንሿ ባቡርና የሚሽከረከሩት ፈረሶች አሉ። መዋኘት ግን ክልክል ነው። ልጆቹ ዋና ዋና እያሉ የሚያስቸግሩ ከሆነ ይህንን ከቤት ሳትወጡ ንገሯቸው፤ ውሃ እያዩ መከልከል ለቅሶ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግና ሃያትስቪል አካባቢ ላላችሁ ደግሞ ግሪንቤልት ፓርክ አለ። ዲሲን ከሚከበው ከቤልትዌይ ሃይዌይ ወደ ውስጥ ነው። ከዲሲ መሃል ተነስቶ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የፌዴራል መንግሥት ብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት የሚያስተዳድረው ሲሆን መግቢያ አይከፈልም፤ የሚከፈለው ለማደሪያው ነው። ጉድለቱ ድምፅ ነው። የባልቲሞር–ዋሽንግተን ፓርክዌይ መኪኖች ሌሊቱን ይሰማሉ። ጫካ ውስጥ ነኝ ብለህ ዓይንህን ስትጨፍን ሃይዌዩ ያስታውስሃል። ከመያዛችሁ በፊት የካምፕ ሜዳው ክፍት መሆኑን በፓርኩ ገጽ ላይ እዩ።

ሁለቱም ቦታዎች የሚጠቅሙት ለአንድ ነገር ነው፦ ነገሩ አልሆን ካለ ዕቃ ጭኖ ቤት ለመግባት። ሕፃን ሌሊቱን ሙሉ ቢያለቅስ፣ ድንኳኑ ቢያፈስ፣ አንዱ ልጅ ቢያተኩስ፣ አልጋችሁ ቅርብ ነው። ለመጀመሪያ ሌሊት ከተራራ ይልቅ ይህ ይሻላል። ከዚያ በላይ ግን አትጠብቁባቸው።

ፕሪንስ ዊሊያም ፎረስት ፓርክ፦ እኔ የምመርጠው

አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህንን እመርጣለሁ። ከዲሲ ወደ ደቡብ በ95 ሃይዌይ 35 ማይል ያህል ቢነዱ ይደረሳል። ስፋቱ ከ15,000 ኤከር ይበልጣል። እውነተኛ ጫካ ነው፤ ረጃጅም ዛፍ፣ ልጆች የሚረግጡት ጥልቀት የሌለው ወንዝ፣ 37 ማይል የሚሆን የእግር መንገድ። ግን ከሱቅና ከሆስፒታል አይርቅም። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት በዚህ አካባቢ ቀላል አይደለም።

የድንኳን ሜዳው ኦክ ሪጅ ይባላል። 100 ያህል ቦታ አለው። ውሃ የሚለቀቅበት ሽንት ቤት አለው፣ ሻወርም አለው። ቦታ ስትይዙ ካርታውን ከፍታችሁ ሽንት ቤቱ የት እንዳለ ፈልጉ። ከእሱ ሁለት ሦስት ቦታ ራቅ ብሎ ያለው ይሻላል። በጣም አጠገቡ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ በር ይንኳኳል፣ የእጅ ባትሪም ዓይናችሁ ላይ ያርፋል። በጣም ከራቀ ደግሞ ልጅ ተሸክሞ በጨለማ መሄድ ነው።

አያት አብረው የሚሄዱ ከሆነ ይህ ፓርክ ለእርሳቸው የሚሆን ነገር አለው፤ ካቢን ይከራያል። በ1930ዎቹ፣ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ መንግሥት ሥራ ያጡ ወጣቶችን ቀጥሮ ያሠራቸው የእንጨት ቤቶች ናቸው። የቅንጦት አይደሉም። አንሶላና ብርድ ልብስ ከቤት ይዞ መሄድ ነው። ግን ጣራ አላቸው፣ አልጋ አላቸው። አያት «ቤት እያለን ሜዳ ላይ የምንተኛው ምን አጥተን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ካቢኑ መልስ ይሆናል። እርሳቸው አልጋ ላይ፣ ልጆቹ ሌላ ጊዜ በድንኳን። ሁሉንም በአንድ ሌሊት ለማስደሰት መሞከር ይደክማል።

ታሪኩ ደግሞ ለትልልቆቹ ልጆች ይሆናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ከ1942 እስከ 1945፣ ፓርኩ ለሕዝብ ተዘግቶ ነበር። የዛሬው ሲአይኤ ቀዳሚ የሆነው ኦኤስኤስ ሰላዮቹን ያሠለጠነው እዚያ ነው። የ12 ዓመት ልጅ «የእግር ጉዞ እንሂድ» ሲባል ፊቱን ያጠቁራል። «ሰላዮች የተደበቁበት ጫካ እንይ» ሲባል ግን ጫማውን ያስራል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛው መንገዱ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ 95 ወደ ደቡብ ማለት ምን እንደሆነ ለቨርጂኒያ ሰው አይነገርም። 35 ማይሉ ሁለት ሰዓት ሊበላ ይችላል። ወይ ከቀኑ እኩሌታ በፊት ውጡ፣ ወይ ቅዳሜ ጠዋት ሂዱ። ሁለተኛው ድምፅ ነው። ጎረቤቱ የኳንቲኮ የማሪን ጦር ሰፈር ስለሆነ አንዳንድ ጊዜ የተኩስና የፍንዳታ ልምምድ ይሰማል። ልጆች ይለምዱታል። ከአገር ቤት ጦርነት አይቶ የመጣ ሰው አብሯችሁ ካለ ግን ቀድማችሁ ንገሩት። ሳያውቅ ሌሊት ቢሰማው ጨዋታ አይሆንም።

ዝናብ ከጣለ ከፓርኩ መውጫ ጥቂት ደቂቃ ርቆ የማሪን ኮር ብሔራዊ ሙዚየም አለ። መግቢያው ነጻ ነው። ልጆቹን እዚያ አውሏቸው፤ ድንኳኑ ይድረቅ።

ሸናንዶዋ፦ ለሁለተኛው ዓመት

ሸናንዶዋን ያላየ ሰው ካምፒንግ ሲባል የሚያስበው እሱን ነው። አይፈረድበትም። በ1935 የተቋቋመ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በተራራው ጀርባ ላይ ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው መንገድ 105 ማይል ይሄዳል። ጠዋት ጉም ከታች ተኝቶ ሲያዩት የጎንደር ወይም የሸዋ ደጋ ሰው ዝም ይላል። ግን ተጠንቀቁ። ይህ ቦታ ከፎቶው በላይ ጣጣ አለው።

መጀመሪያ ርቀቱን በትክክል አስሉ። ብዙ ሰው «ፍሮንት ሮያል 70 ማይል ነው፣ አንድ ሰዓት ከሩብ» ይልና ይወጣል። ፍሮንት ሮያል በሩ ነው። ፓርኩ ውስጥ የሚፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ነው። ቢግ ሜዶውስ የሚባለው ዋናው የካምፕ ሜዳ ደግሞ 51ኛው ማይል ላይ ነው። ከሰሜኑ በር ገብቶ እዚያ ለመድረስ ፓርኩ ውስጥ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ያልፋል። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ መኪና የሚያዞረው ልጅ ካላችሁ አስቡበት። የሚሻለው በ211 መንገድ ሄዶ በቶርንተን ጋፕ በር መግባት ነው። ከዚያ የሚቀረው 20 ማይል ያህል ነው። ሲመሽ አጋዘን መንገድ ላይ ስለሚወጣ ሳይጨልም መድረስ ይበጃል። ነዳጅ ሞልታችሁ ውጡ። ስልክ ብዙ ቦታ አይሠራም፤ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱት፤ የቦታ ማስያዣውንም ፎቶ አንሱት።

የትኛው ሜዳ? ለቤተሰብ ቢግ ሜዶውስ። ሻወር አለው፣ ልብስ ማጠቢያ አለው፣ አጠገቡ ምግብ ቤትና ሱቅ አለ። አጋዘኖቹ ሜዳው ላይ ሲግጡ ልጆች ቆመው ያያሉ። ማቲውስ አርም ወደ ሰሜን፣ 22ኛው ማይል ላይ፣ ለእኛ ይቀርባል። ሻወር ግን የለውም። ለአንድ ሌሊት ብቻ ከሆነና ልጆቹ ካደጉ ችግር የለም። ሕፃን ካለ አልመክርም።

ሉዊስ ማውንቴን የሚባለው ትንሹ ሜዳ በሌላ ምክንያት ይታወሳል። በ1939 ሲከፈት ለጥቁሮች ብቻ የተለየ ነበር። የዘር ልዩነቱ ከፓርኩ ሙሉ በሙሉ የተነሳው በ1950 ነው። እዚህ አገር ለሚያድጉ ልጆቻችን ይህን እዚያው ቆሞ መንገር ከመጽሐፍ ይበልጣል። ሌላም አለ፤ ፓርኩ እንዲቋቋም ተራራው ላይ ይኖሩ የነበሩ ወደ 500 የሚጠጉ ቤተሰቦች መሬታቸውን ለቀው ወጥተዋል። በእግር መንገዶቹ ዳር የቀሩ የድንጋይ አጥሮችና የጭስ ማውጫዎች የእነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ሌሊቱ። ቢግ ሜዶውስ 3,500 ጫማ ከፍታ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ከግማሽ በታች ነው፤ ግን ብርዱን አትናቁት። ታች ሸለቆው ውስጥ ሲሞቅ ላይ በአማካይ 10 ዲግሪ ፋራናይት ይቀንሳል። በሜይ ወር ሌሊቱ ይነክሳል። በጁላይም ሊነጋ ሲል ጋቢ ያስፈልጋል። ልጆችን የሚያበርዳቸው በአብዛኛው ከላይ ሳይሆን ከታች፣ ከመሬቱ ነው። ስለዚህ ከብርድ ልብሱ በፊት ለምንጣፉ ተጨነቁ።

ከዚያ ድቡ አለ። የሸናንዶዋ ድብ ጥቁር ድብ ነው፤ ሰውን ከመፈለግ ይልቅ ምግብን ይፈልጋል። ሕጉ ግልጽ ነው፦ ምግብ በመኪና ውስጥ ወይም በተዘጋጀው የብረት ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። ድንኳን ውስጥ ምንም አይገባም። ምንም ማለት ምንም። የጥርስ ሳሙና፣ ሎሽን፣ የሕፃን ወተት ጠርሙስ፣ ማስቲካ፣ ልጁ ኪስ ውስጥ የቀረች ቆሎ። የእኛ ምግብ ደግሞ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። ጥብስ ጠብሳችሁ ምጣዱን ሳታጥቡ ጠረጴዛ ላይ ጥላችሁ ብትተኙ የፓርኩ ጠባቂ ሬንጀር ወይም ድብ ይቀሰቅሳችኋል። ሬንጀሩ ደግሞ ቅጣት ሊጽፍ ይችላል።

የማገዶ ጉዳይም አለ። ከቤት ማገዶ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ በሙቀት የታከመ የሚል ምልክት ያለበት ካልሆነ በቀር። ምክንያቱ ዛፍ የሚገድሉ ነፍሳት ከቦታ ቦታ በማገዶ ስለሚሄዱ ነው። እዚያው መግዛት ወይም ወድቆ የደረቀውን መልቀም ይቻላል።

ለልጆች የሚሆን የእግር ጉዞ ቢፈለግ ዳርክ ሆሎው ፏፏቴ ከካምፑ አጠገብ ነው። ደርሶ መልስ 1.4 ማይል። ቁጥሩ አያታልላችሁ። መውረዱ ቀላል ነው፤ መመለሱ ሙሉ በሙሉ ዳገት ነው። ትንሹ ልጅ የሚመለሰው በአባቱ ትከሻ ላይ ነው።

መግቢያው ለአንድ መኪና 30 ዶላር ሲሆን ለሰባት ቀን ያገለግላል። የ4ኛ ክፍል ተማሪ ካላችሁ «ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ» በሚባለው ፕሮግራም በልጁ ስም ነጻ የመግቢያ ካርድ ማውጣት ይቻላል። ካምፑን አይሸፍንም፤ በሩን ግን ይከፍታል። ብዙ ወላጅ ሳያውቀው ልጁ 5ኛ ክፍል ይገባል።

ውሃ ለሚወዱ፦ ካኒንግሃም ፎልስ

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከፍሬድሪክ አልፎ ተርሞንት ከተማ አጠገብ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በ270 እና በ15 መንገድ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጃል። 78 ጫማ የሚወርድ ፏፏቴ አለው። ግን ለቤተሰብ የሚበልጠው ሐይቁ ነው። አሸዋ ያለው ዳርቻ አለው፣ መዋኘት ይፈቀዳል፣ ማዕበል የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። ብዙዎቻችን ዋና አንችልም። ልጆቻችን ተምረዋል እንላለን፤ ግን ልጅ ቢሰጥም ዘሎ የሚያወጣ ትልቅ ሰው በቡድናችን ላይኖር ይችላል። ስለዚህ በውሃ ጉዳይ ሐይቁን ከውቅያኖሱ አስቀድሙ። ላይፍ ጃኬትም ይዛችሁ ሂዱ፤ የክንድ ፊኛ ላይፍ ጃኬት አይደለም።

በሞቃት ቅዳሜና እሁድ ፓርኩ ጠዋቱኑ ይሞላና ለቀን ጎብኚ በሩ ይዘጋል። እዚያ የሚያድር ሰው ግን ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ውሃው ዳር ይደርሳል። ለእኔ ይህ ብቻውን የድንኳኑን ድካም ይከፍላል።

ጎረቤቱ ካቶክቲን ማውንቴን ፓርክ ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ማረፊያ የሆነው ካምፕ ዴቪድ ያለው በዚያ ተራራ ላይ ነው፤ ሩዝቬልት በ1942 የጀመሩት፣ አይዘንሃወር በልጅ ልጃቸው ስም የሰየሙት። በፓርኩ ካርታ ላይ አይታይም፣ መግባትም አይታሰብም። ፕሬዚዳንቱ ሲመጡ አንዳንድ የፓርኩ መንገዶች ይዘጋሉ። በፓርኩ ያለው ኦወንስ ክሪክ የተባለው የካምፕ ሜዳ ጸጥ ያለ ነው። ካኒንግሃም ከሞላ እዚህ አድሮ ቀን ሐይቁ መሄድ ይቻላል፤ ግን ያን ጊዜ እንደ ማንኛውም የቀን ጎብኚ በሩ ላይ መሰለፍ አለ።

አሳቲግ፦ በጁላይ አይሆንም

በፎቶ ሰውን የሚያታልል ቦታ ቢኖር ይህ ነው። አትላንቲክ ዳር፣ አሸዋ ላይ፣ የዱር ፈረሶች በድንኳኖች መሃል ያልፋሉ። ውሸት አይደለም፤ በእርግጥ ያልፋሉ። ልጅ ጠዋት ዚፑን ከፍቶ ፈረስ ቢያይ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

ነገር ግን ከዲሲ ሦስት ሰዓት ነው። ያውም የቤይ ብሪጅ ትራፊክ ካልያዘ። ዓርብ ማታ ድልድዩ ላይ ከሆናችሁ አራት፣ አምስት ሰዓትም ሊሆን ይችላል። ስትደርሱ ጥላ የሚባል ነገር የለም። ንፋሱ ከባድ ነው። ከድንኳኑ ጋር የመጣው ትንሽ ካስማ አሸዋ ውስጥ አይቆምም፤ ረጅም የአሸዋ ካስማ መግዛት ግድ ነው። ሰመር ላይ ቢምቢውና የሚነክሰው ዝንብ ሰው ያባርራል። የነፍሳት ማባረሪያ መርጨት ይረዳል፤ አያስቀረውም።

ሁለት የካምፕ ሜዳዎች ጎን ለጎን አሉ። ብዙ ሰው ልዩነታቸውን ሳያይ ይይዛል። አንደኛው የፌዴራሉ ብሔራዊ ባሕር ዳርቻ ነው፦ ውሃ የሌለው ሽንት ቤትና የቀዝቃዛ ውሃ ሻወር። ሁለተኛው የሜሪላንድ ስቴት ፓርክ ነው፦ የሞቀ ሻወርና ውሃ ያለው ሽንት ቤት። ባሕሩ አንድ ነው፣ ፈረሱ አንድ ነው። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ምርጫው ክርክር የለውም፤ የስቴቱን ያዙ።

ፈረሶቹን ማባበል፣ መመገብና መንካት ያስቀጣል። 40 ጫማ ራቁ። ይነክሳሉ፣ ይራገጣሉ። ድንኳን ውስጥ ዳቦ ካሸተቱ ደግሞ ድንኳኑን ይቀድዳሉ። እዚህም ምግብ መኪና ውስጥ ነው የሚቆለፈው። ውቅያኖሱ ውስጥ ወደ ጥልቁ የሚጎትት ሞገድ ስላለ፣ የዋና ጠባቂ ባለበት ቦታና ሰዓት ብቻ ግቡ።

መቼ ይኬዳል? ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኦክቶበር። ቢምቢው ይቀንሳል፣ ሰው ይሳሳል፣ ቀኑ ገና ይሞቃል። በኦክቶበር ያለውን ሎንግ ዊኬንድ ለአሳቲግ አስቀምጡት። ጁላይ ላይ የሚወስዳችሁን ወዳጅ በፍቅር እምቢ በሉት።

እኛ ስንሄድ

አሜሪካዊው ጎረቤት ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ይሄዳል። እኛ ደግሞ አንድ ቤተሰብ ሲነሳ ሦስት ይከተላል። ደስ ይላል፤ ግን ፓርኮቹ ለአንድ ቦታ የሰውና የድንኳን ቁጥር ይወስናሉ፤ በአብዛኛው ስድስት ሰው። አሥራ አምስት ሆኖ አንድ ቦታ ላይ መስፈር አይቻልም። ወይ ጎን ለጎን ሁለት ሦስት ቦታ ቀድማችሁ ያዙ፣ ወይ ለቡድን የተለየውን ቦታ ጠይቁ። ፕሪንስ ዊሊያምም ቢግ ሜዶውስም የቡድን ቦታ አላቸው። እንደ እኔ ከሆነ ቡድን ለሚበዛበት ቤተሰብ ፕሪንስ ዊሊያም ይቀላል፤ ማታ ብቻ ለመጫወት መጥቶ የሚመለስ ዘመድ ካለም መንገዱ ይቀርበዋል፤ የጎብኚ ሰዓቱን ግን አረጋግጡ።

ጸጥታ የሚጀምረው በአሜሪካ ሰዓት ከማታው 10 ነው። የእኛ ጨዋታ የሚሞቀው ያን ጊዜ ነው። ሬንጀር መጥቶ ሙዚቃውን ሲያስጠፋ ልጆቹ ፊት ያሳፍራል። ጨዋታውን ከቀትር በኋላ ጀምሩት። መጠጥን በተመለከተ ሕጉ ከፓርክ ፓርክ ይለያያል፤ ኩለሩን ከመሙላታችሁ በፊት የፓርኩን ሕግ አንብቡ።

ቡና? ይቻላል፣ ይገባልም። ትንሽ የጋዝ ምድጃ ከከሰል ይሻላል፤ እሳት በሚከለከልበት ድርቅ ጊዜ እንኳ በአብዛኛው ይፈቀዳል። የሸክላ ጀበና በፎጣ ጠቅልላችሁ ያዙ። ቡናውን እዚያው ቁሉት፤ ጎረቤት ድንኳን ያሉ ሰዎች አፍንጫቸውን ተከትለው ይመጣሉ፣ ስኒ ጨምሩ። ድብ ባለበት ፓርክ ግን ፈንዲሻውን ሳር ላይ አትበትኑ።

ስለ ምግብ አንድ ምክር አለኝ። ካምፒንግ በጣም የሚቀለው በፍልሰታ ነው። ከኦገስት 7 እስከ 21 ድረስ ጾሙን ለሚጾም ቤተሰብ ሥጋና ወተት የለም፣ ስለዚህ በረዶ የሚፈልግ ነገር ትንሽ ነው። ምስርና ሽሮ ቤት ይሠራል፣ እዚያ ይሞቃል፣ አለቀ። በሌላው ጊዜ ሥጋ ከያዛችሁ ቀድማችሁ አቀዝቅዙትና በመጀመሪያው ማታ ጨርሱት። ክትፎ ለቤት ይቆይ። እንጀራ በፕላስቲክ ታፍኖ መኪና ውስጥ ከዋለ ያልበዋል፤ በጨርቅ ጠቅልሉት።

እሁድ ቅዳሴ የማይቀርባችሁ ከሆነ ዓርብ አድራችሁ ቅዳሜ ማታ ተመለሱ። ይህም ቅርብ ፓርክ ለመምረጥ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነው። አንዳንድ ፓርክ በሰመር ቅዳሜና እሁድ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ካልያዛችሁ አይሰጥም፤ ሁለተኛው ሌሊት ቢባክንም ዓርቡን አትተዉት።

ከሁሉም ፓርክ ጋር የሚመጣ አንድ ነገር መዥገር ነው። ይህ አካባቢ በመዥገር የሚተላለፈው የላይም በሽታ የሚበዛበት ነው። ልጆችን ረጅም ሱሪ አልብሱ፣ ሱሪውን በካልሲ ውስጥ አስገቡ። ማታ ከመተኛታቸው በፊት ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት፣ ከጉልበት ጀርባ፣ የፀጉር ሥር ፈትሹ። የልጆቻችን ፀጉር ወፍራም ስለሆነ መዥገሯ ትደበቃለች፤ በጣት እየዳበሳችሁ ፈልጉ። ካገኛችሁ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ቅቤ መቀባት፣ በክብሪት ማቃጠል የሚባለውን ተዉት።

ዕቃው

አጭር ነው የምለው። በሳጥኑ ላይ «ለ4 ሰው» የሚል ድንኳን ሻንጣ የሌላቸው አራት ሰዎች ተጠጋግተው የሚተኙበት ነው። አራት ከሆናችሁ የስድስት፣ ስድስት ከሆናችሁ የስምንት ግዙ። የዝናብ ሽፋኑ እስከ መሬት የሚወርድ ይሁን። ከመሄዳችሁ በፊት ጓሮ ወይም አፓርታማው ፊት ለፊት ያለው ሳር ላይ አንድ ጊዜ ትከሉት። ልጆቹ ይወዱታል፣ የጎደለው ካስማም ይታወቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ግን ከመግዛት መዋስ ይሻላል። በየቤታችን ምድር ቤት አንድ ጊዜ ተተክሎ የተረሳ ድንኳን አይጠፋም፤ በቤተ ክርስቲያን ወይም በሰፈር ግሩፕ ጠይቁ።

ቦታ መያዝ

የፌዴራል ፓርኮቹ፣ ማለትም ሸናንዶዋ፣ ፕሪንስ ዊሊያም፣ ግሪንቤልት፣ ካቶክቲንና የአሳቲጉ ብሔራዊ ዳርቻ፣ የሚያዙት በሪክሪየሽን ዶት ገቭ ነው። ለቢግ ሜዶውስ ቅዳሜ ማታ ከስድስት ወር በፊት መስኮቱ ሲከፈት ጠዋቱኑ መግባት ይሻላል። የሜሪላንድ ስቴት ፓርኮች የራሳቸው ገጽ አላቸው፤ እስከ አንድ ዓመት ቀድሞ ይያዛል። በርክ ሌክ በፌርፋክስ ካውንቲ በኩል ነው።

ዘገየን ብላችሁ አትተዉት። ሰው ይሰርዛል፤ በተለይ ቀኑ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ የአየር ትንበያው ደመና ሲያሳይ። ገጹ ቦታ ሲለቀቅ መልእክት እንዲልክላችሁ ማድረግም ይቻላል። ቅዳሜና እሁድ የምትሠሩ ሰዎች ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ ሰኞና ማክሰኞ ከሜሞሪያል ዴይ እስከ ሌበር ዴይ ባለው ጊዜም ቢሆን ብዙ ጊዜ ቦታ ይገኛል። ከበዓሎቹ ሁሉ የሚጣበበው ጁላይ 4 ነው። የሚያጽናናው፣ በዚያ ሳምንት ግማሹ ዘመድ ለኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ሌላ ከተማ ስለሚሄድ፣ የተዋሳችሁትን ድንኳን «መልሱ» የሚል አይኖርም።